ማስተሬ ክለቡን ለቀቀ፣ ልከተለው ወይስ ልቅር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይሄን የጻፍኩት ቴኳንዶ፣ ካራቴ፣ ውሹ ምናምን ለሚሰሩና ልጆቻቸውን ለሚያሰሩ ሰዎች ነው። አሰልጣኝ ክለብ በቀየረ ቁጥር የሚመጡት ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። እኔ ያደግኩት ቴኳንዶ ውስጥ ነው፣ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ የህጻናት ክላስ ላይ አግዛለሁ፣ ስለዚህ አብዛኛው ምሳሌ ከዛ የመጣ ነው፣ ሌላ ስፖርት የምትሰሩ ወደራሳችሁ አምጥታችሁ አንብቡት።

ማስተሬ መልቀቁን ዛሬ ሰማሁ። አሁኑኑ መወሰን አለብኝ?

የለም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፣ ማታ ስልክ ስትከፍቱ ሳትጠየቁ አዲስ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገብታችኋል፣ ስሙ አዲስ ነው፣ ፕሮፋይሉ ላይ የማስተሩ ፎቶ አለ፣ ከስር ደሞ "ከሰኞ ጀምሮ አዲሱ ቦታ እንገናኝ" የሚል ሜሴጅ፣ ከዛ የሲኒየሮቹ ጭብጨባና የልብ ኢሞጂ ይዘንባል። እዛ መሀል ዝም ያለ ሰው የተቃወመ ስለሚመስል ሁሉም ሳያስበው "አለን ማስተር" ብሎ ይጽፋል። እናንተ አትጻፉ። በግል "እንኳን ደስ ያለህ፣ አስቤ እነግርሃለሁ" ብትሉ ይበቃል። ሁለት ሶስት ሳምንት ለራሳችሁ ስጡ፣ ጥሩ አሰልጣኝ በሶስት ሳምንት አያኮርፍም። "እስከ አርብ የተመዘገበ መመዝገቢያ አይከፍልም" የሚል ነገር ካለም ይቅርባችሁ፣ ለአመታት የምትሰሩበት ቦታ መመዝገቢያ ለማዳን ተብሎ አይመረጥም።

ለምን እንደለቀቀ መጠየቅ ነውር አይሆንም?

አይሆንም፣ እንደውም ከሁሉም በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄ ነው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ተራ ነገር ነው፣ የአዳራሹ ኪራይ ጨመረ፣ ወጣት ማዕከሉ ሰዓት ቀነሰ፣ ትምህርት ቤቱ አዳራሹን ለሌላ ነገር ፈለገው። አዲስ አበባ ውስጥ ደሞ ከ2016 ወዲህ በኮሪደር ልማቱ ሰፈር ሲነሳ ተማሪውም አብሮ ተበትኗል፣ ፒያሳ ሲሰራ የነበረ ልጅ ዛሬ ቤቱ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው፣ ስለዚህ አሰልጣኝ ተማሪው ወዳለበት ቢሄድ የሚገርም አይደለም። ሌላው የገንዘብ ነገር ነው። የጂሙ ባለቤት ሌላ ሰው ሆኖ አሰልጣኙ በፐርሰንት ሲሰራ ይቆያል፣ ተማሪው ሲበዛ ፐርሰንቱ ባለበት ሲቀር ይለያያሉ። እዚህ ውስጥ ክፋት የለም፣ በላቡ ያቆመውን ክላስ የራሱ ማድረግ የፈለገ ሰው አይወቀስም።

ከባዱ ኬዝ የለቀቀ ሳይሆን እንዲለቅ የተደረገ ሲሆን ነው። ልጅ መምታት፣ የፈተና ብር ሰብስቦ አለማስረከብ፣ ከሴት ተማሪዎች ጋር ያልተገባ ነገር። እነዚህ በይፋ አይነገሩም፣ ክለቡ ስሙ እንዳይነሳ ዝም ይላል፣ ማስተሩም "አልተስማማንም" ብሎ ያልፈዋል፣ ወላጁ ምንም ሳያውቅ ልጁን ይዞ ይከተላል። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን ለየብቻ ጠይቁ። በተለይ ሲኒየር የሆኑ ሴቶችን ጠይቁ፣ ክለብ ውስጥ የሚሆነውን ነገር ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ጥያቄው ቀጥ ያለ ይሁን፣ "ልጅሽ ቢሆን እሱ ጋር ትልኪዋለሽ?" ብላችሁ ጠይቁ። "አዎ፣ ለምን አልልክም" ካለች ጥሩ፣ ወሬ ከቀየረች ግን ሌላ ሰው እስክትጠይቁ ድረስ አትመዝገቡ። በእንደዚህ አይነት ነገር ላይ ማስረጃ እስኪሟላ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም፣ ሌላ ክለብ ሞልቷል።

እሱ ራሱ እንዴት እንደሚያወራም ስሙ። ስለ ድሮው ክለብ አንድ ሁለት ቃል ብሎ ወደ ስራው የሚመለስ ሰው ደህና ነው። በየክላሱ መጨረሻ ተማሪ አሰልፎ የድሮ ባልደረቦቹን የሚያማ ከሆነ ግን ነገ እናንተም ስትወጡ እንደዛው ትወራላችሁ።

ካልተከተልኩት እንደ ክህደት ይቆጠራል?

አይቆጠርም። ስሜቱን ግን አላቃልለውም፣ ምክንያቱም ቀላል ግንኙነት አይደለም። መጀመሪያ ስትመጡ ቀበቶ ማሰር ያሳያችሁ እሱ ነው፣ የመጀመሪያው ስፓሪንግ (የፍልሚያ ልምምድ) ላይ ተመትታችሁ እንባ ሲተናነቃችሁ "ተነሳ፣ እጅህን ከፍ አድርግ" ያላችሁ እሱ ነው፣ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርዳችሁን የሚጠይቅም አለ። ስንት ልጅ ከጫትና ከመንገድ የተረፈው ማስተሩ ማታ ማታ አዳራሽ ስለጠራው ነው። ይሄ ውለታ አለባችሁ፣ አዎ። ግን ውለታ በወር ክፍያ አይመለስም። ስትደውሉለት፣ በዓል ሲሆን ስትጠይቁት፣ ሰው ፊት "ያስተማረኝ እሱ ነው" ስትሉ ነው የሚመለሰው፣ ይሄን ደሞ የትም ክለብ ሆናችሁ ማድረግ ትችላላችሁ።

መለያየቱ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም፣ ቴኳንዶ እኮ በመለያየትና በመዋሀድ ነው እዚህ የደረሰው። ሴኡል ውስጥ ከ1944 ጀምሮ ባሉት ጥቂት አመታት (የምጠቅሳቸው አመቶች ከዚህ በታች ሁሉም በፈረንጆች ናቸው) ቹንግ ዶ ክዋን፣ ሙ ዶክ ክዋን፣ ጂ ዶ ክዋን የሚባሉ የስልጠና ቤቶች ተከፈቱ፣ ከአንዱ የወጡ ተማሪዎች ሌላ ከፈቱ፣ እያለ ቀጠለ። በ1960ዎቹ ሁሉም በአንድ ጥላ ስር ይግባ ሲባል የሙ ዶክ ክዋን መስራች ህዋንግ ኪ አልገባም ብለው የራሳቸውን ይዘው ቀሩ፣ ከተማሪዎቻቸው ብዙዎቹ ግን ወደ ቴኳንዶው ሄዱ። ጀነራል ቾይ ሆንግ ሂ በ1966 የመሰረቱት አይቲኤፍ (ዓለም አቀፍ የቴኳንዶ ፌዴሬሽን) እሳቸው በ2002 በሞቱበት ሰሞን ከአንድ በላይ ቡድን ሆነ፣ ሁሉም አይቲኤፍ ነኝ ይላል። ካራቴም ላይ የሾቶካን መስራች ጊቺን ፉናኮሺ በ1957 ሲያርፉ ተማሪዎቻቸው በቀብራቸው ስነስርዓት ጭምር ተጣልተው ጄኬኤ እና ሾቶካይ በሚባሉ ድርጅቶች ሁለት ቦታ ቆሙ። ያኔ ከቀሩትም ከሄዱትም ትልልቅ ሰዎች ወጥተዋል። ስለዚህ ማንም ሲኒየር መጥቶ "ማስተርን ትተሽ እንዴት" ቢላችሁ አንገት መድፋት የለባችሁም።

አንድ ነገር ግን አለ። "የኔ ተማሪ ከሆንክ ትመጣለህ፣ ካልመጣህ አላውቅህም" የሚል ማስተር ካለ እሱ መልሱን ራሱ ሰጥቷችኋል።

ቀበቶዬ ምን ይሆናል? ከነጭ እንደገና መጀመር አለብኝ?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ሰው በጣም የሚጎዳው እዚህ ጋር ነው።

በወርልድ ቴኳንዶ (የኦሎምፒኩን ቴኳንዶ በሚመራው ድርጅት) ስር ጥቁር ቀበቶ ከሆናችሁ ዳናችሁ፣ ማለትም የጥቁር ቀበቶ ደረጃችሁ፣ መመዝገብ ያለበት ሴኡል ያለው ኩኪዎን ነው፣ በ1972 የተከፈተው የቴኳንዶ ዋና ማዕከል ማለት ነው። ሰርተፊኬቱ ቁጥር አለው፣ በዌብሳይታቸው ገብታችሁ ስማችሁ መኖሩን ማየት ይቻላል። እዛ ካላችሁ ማስተሩ ቢለቅ፣ ክለቡ ቢዘጋ፣ አዳራሹ ቢፈርስ ዳኑ የእናንተ ነው፣ ማንም አይነጥቃችሁም። ችግሩ ብዙ ሰው ጥቁር ቀበቶ አስሮ እየዞረ ስሙ እዛ የለም። ፈተናውን ተፈትኗል፣ ብሩን ከፍሏል፣ በእጁ ያለው ግን ክለቡ ራሱ ያሳተመው ወረቀት ነው፣ ወይ ደሞ "ከኮሪያ እየመጣ ነው" እየተባለ ጊዜው ሄዷል። ማስተራችሁ ሊለቅ ነው ሲባል የመጀመሪያ ስራችሁ ይሄን ማጣራት ይሁን፣ ምክንያቱም እሱ ከሄደ በኋላ ክለቡ "እሱን ጠይቁ" ይላችኋል፣ እሱ ደሞ "ዶክመንቱ ክለብ ነው የቀረው" ይላችኋል። ስማችሁ በላቲን ፊደል እንዴት ተጽፎ እንደተላከም እዩ፣ ፓስፖርታችሁ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ውጭ አገር ስትሄዱ ራስ ምታት ነው።

ቀጣዩን ዳን የምትጠብቁ ከሆነ ደሞ የኩኪዎን የመቆያ ጊዜ አለ፣ ከ1ኛ ወደ 2ኛ ቢያንስ 1 አመት፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ 2 አመት፣ ከ3ኛ ወደ 4ኛ 3 አመት፣ ከ15 አመት በታች ላለ ልጅ በዳን ፈንታ ፑም (የልጆች ጥቁር ቀበቶ ደረጃ) ነው የሚሰጠው። ክለብ ስለቀየራችሁ ይሄ ሰዓት ከዜሮ አይጀምርም። አስመዝጋቢው ሰው ግን ራሱ 4ኛ ዳንና ከዛ በላይ መሆን አለበት። አዲሱን ቦታ የከፈተው ማስተር 3ኛ ዳን ከሆነ ሌላ ከሱ በላይ ያለ ሰው ጋር ይሰራል ማለት ነው፣ ምንም ችግር የለውም፣ ግን ያ ሰው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ።

የቀለም ቀበቶ ከሆናችሁ ግን ማስረጃው አብዛኛውን ጊዜ ክለቡ መዝገብ ላይ ብቻ ነው ያለው። ሳትወጡ በፊት የት ጉፕ (የቀለም ቀበቶ ደረጃ) እንደደረሳችሁና መቼ እንደተፈተናችሁ የሚል ደብዳቤ ከነማህተሙ ጠይቁ። ማስተሩን ከተከተላችሁት እሱ ስለሚያውቃችሁ ላያስፈልግ ይችላል፣ ግን ከሁለት አመት በኋላ ከሱም ብትለዩስ? ወረቀት ይኑራችሁ።

አዲስ ቦታ ላይ አንድ ደረጃ ወርዳችሁ ስሩ ከተባላችሁና ምክንያቱን በደንብ ካስረዷችሁ፣ ለምሳሌ ፑምሴያችሁ (በቅደም ተከተል የሚሰራው የእንቅስቃሴ ልምምድ) ላይ የጎደለ ነገር ካለ፣ እኔ ብሆን እቀበላለሁ። ደረጃ ወርዳችሁ በየደረጃው የፈተና ክፍያ በድጋሚ ክፈሉ ከተባለ ግን አልቀበልም።

አዲሱ ቦታ ሌላ ስታይል ቢሆንስ?

ይሄ ያጋጥማል፣ ማስተሩ ከወርልድ ወደ አይቲኤፍ ወይ ከአይቲኤፍ ወደ ወርልድ ይሄዳል፣ አገራችን ውስጥ ሁለቱም በብዛት ይሰራሉ። ለማያውቅ ሰው ሁለቱም ቴኳንዶ ነው፣ ውስጡ ሲገቡ ግን ሌላ ነው። ወርልድ ላይ ቴጉክ ከሚባሉት ፑምሴዎች ከ1 እስከ 8 ነው ለቀለም ቀበቶ የሚሰራው፣ አይቲኤፍ ላይ ደሞ በፑምሴ ፈንታ ቾን ጂ ብሎ የሚጀምር 24 ቱል አለ። ወርልድ ላይ ሆጉ (የደረት መከላከያ) ለብሳችሁ በአብዛኛው በእግር ነው ነጥቡ የሚሰበሰበው፣ ፊት በቡጢ መምታት ክልክል ነው። አይቲኤፍ ላይ ግላቭ አድርጋችሁ በቁጥጥር ፊትም በእጅ ይመታል። ስለዚህ አመታት የወርልድ ስፓሪንግ የሰራ ልጅ እጁን ወደታች ጥሎ መቆም ስለለመደ አይቲኤፍ ላይ የመጀመሪያ ወራት ፊቱ ላይ ምት ይቀምሳል፣ የአይቲኤፉ ልጅ ደሞ ወርልድ ላይ ርቀቱ ይጠፋበታል።

ወሳኙ ጥያቄ ምን ትፈልጋላችሁ የሚለው ነው። ኦሎምፒክ የሚያልም ልጅ ካለ መንገዱ በወርልድ በኩል ብቻ ነው፣ ሰለሞን ቱፋ ኢትዮጵያን ወክሎ ቶኪዮ 2020 ላይ በ58 ኪሎ የተወዳደረው በዚሁ መስመር ነው። ውድድር የማያሳስባችሁና ማስተሩን የምትወዱት ከሆነ ግን ስታይል ስለቀየረ ብቻ አትተዉት፣ ሰውነታችሁ ይለምደዋል። ለክለቡ ተወዳዳሪ ሆናችሁ የተመዘገባችሁ ካላችሁ ደሞ ከመውጣታችሁ በፊት መልቀቂያ ያዙ፣ ሻምፒዮና ሲደርስ በሁለት ክለብ መሀል ተንጠልጥሎ ሳይወዳደር የሚቀር ልጅ ያሳዝናል።

አዲሱን ቦታ ለማየት ስሄድ ምን ልይ?

ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) ሳትለብሱ ሂዱ፣ ዳር ቁጭ በሉና ሙሉ ክላስ እዩ። መክፈቻው ቀን አትሂዱ፣ የመክፈቻ ቀን ጣውላ ይሰበራል፣ ቲቪ ይጠራል፣ ሁሉም ያምራል። ተራ ማክሰኞ ማታ ነው እውነቱ የሚታየው።

ወለሉን በእግራችሁ ንኩት። ሲሚንቶ ላይ ስስ ምንጣፍ ተነጥፎ ዝላይ ምት የሚሰራ ከሆነ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ነው የሚከፍለው፣ ማቱ እየተንሸራተተ መሀሉ የሚከፈት ከሆነም እንደዛው። መጀመሪያ ላይ ማት የሌለው አዲስ ክለብ ብዙ አለ፣ ገንዘቡ ስለማይበቃ ነው፣ እሺ፣ ግን እስኪገዛ ድረስ ዝላይና መውደቅ ያለው ስልጠና ቀንሷል ወይ የሚለውን እዩ።

ከዛ አይናችሁን ማስተሩ ላይ ሳይሆን መጨረሻ ሰልፍ ላይ ያለው ነጭ ቀበቶ ላይ አድርጉ። አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ፣ ዮፕ ቻጊ እየተሰራ ነው፣ የጎን ምት፣ አንዲት አዲስ ልጅ እግሯን ታነሳለች ግን ዳሌዋ አይዞርም፣ ስለዚህ ምቱ ወደ ፊት እየሄደ ሚዛኗን ትስታለች። አሰልጣኙ አጠገቧ ሄዶ ግድግዳ አስያዛት፣ የቆመችበትን እግር ተረከዝ ወደ ኢላማው እንድታዞር ብቻ ነገራት፣ ሌላ ምንም አላለም፣ ቆሞ አምስት ስድስት ጊዜ ስትሰራ አየ፣ ሲስተካከል "ይሄ ነው" ብሎ አለፈ። ያች ልጅ ያን ቀን አንድ ነገር ይዛ ነው ቤቷ የገባችው። በሌላ ክለብ ደሞ ያው ስህተት የሰራ ልጅ ሃያ ፑሽ አፕ ታዞ ፑሽ አፑን ጨርሶ ያንኑ ስህተት ሲደግም አይቻለሁ። ማስተራችሁ አዲሱ ቦታ ላይ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ እዩ፣ ድሮ ያወቃችሁት አይነት ሆኖ ቀጥሏል ወይስ ተማሪ ስለበዛበት ከፊት ቆሞ መቁጠር ብቻ ሆኗል።

ሴት ከሆናችሁ ልብስ መቀየሪያውን እዩ፣ በሩ ይቆለፋል ወይ። የስልጠናው ሰዓት ሲያልቅ ታክሲ ይገኛል ወይ። ሁለት ታክሲ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በዝናብና በሰልፍ ሰዓት አንድ ጊዜ ሞክሩት፣ ከቦሌ አያት ወይ ከሳርቤት ጀሞ በካርታ ሲታይና ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ሲኬድ አንድ አይደለም። ክለብ የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያቆመው በትራንስፖርት ነው፣ በሳምንት ሶስት ቀን የነበረው አንድ ቀን ይሆናል፣ ከዛ በቃ ይቀራል።

ማስተሩ አሁን ራሱ ባለቤት ነው። ምን ይለወጣል?

ብዙ ነገር፣ ሰው ይሄን አያስበውም። ድሮ ክለብ ላይ ስራው ማስተማር ብቻ ነበር፣ ኪራይ የሚከፍል ሌላ፣ መዝገብ የሚይዝ ሌላ፣ ከወላጅ ጋር የሚነታረክ ሌላ። አሁን ሁሉንም እሱ ነው። እናንተ የምትወዱት በማቱ ላይ ያለውን ሰው ነው፣ አዲሱ ቦታ ላይ ያ ሰው ምን ያህሉን ሰዓት ማት ላይ ነው? የውሳኔያችሁ መሀል ያለው እዚህ ነው እላለሁ። በራሱ ስም ክለብ ከፍቶ እሱ በር ላይ ስልክ እያወራ ክላሱን ገና ሰማያዊ ቀበቶ የሆነ ልጅ ሲመራው ካያችሁ፣ የተከተላችሁት ስሙን ነው ማለት ነው። ጠይቁት፣ "ሰኞና ረቡዕ ማን ነው የሚያሰለጥነው?" በሉ። ደፍሮ "ሰኞ እኔ፣ ረቡዕ እገሌ" ካለ ጥሩ ነው፣ ያን እገሌንም እዩት።

ኪራይ ሲጫነው ደሞ የፈተና ወሬ ይበዛል፣ በየሁለት ወሩ ፈተና፣ በየፈተናው ክፍያ፣ ሴሚናር፣ ቲሸርት። ይሄ በክፋት ላይሆን ይችላል፣ ግን ልጁ ሳይደርስ ቀበቶው ይደርሳል። የፈተና ፕሮግራሙንና ክፍያውን በጽሁፍ ጠይቁ፣ ፍቃዱንም ማየት መብታችሁ ነው።

ልጄ "ያለ ማስተር አልሰራም" ብሎ አልቅሷል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ልጁ የሚያለቅሰው ለማስተሩ ነው ወይስ ለጓደኞቹ? ቁጭ ብላችሁ አውሩት። ስንት ጊዜ ያየሁት ነው፣ ማስተር ማስተር ሲል የቆየ ልጅ አጠገቡ የሚሰለፈው ጓደኛው እንደቀረ ሲያውቅ ያለምንም ችግር ይቀራል። በእርግጥ ለማስተሩ ከሆነ ደሞ ክብደት ስጡት፣ በተለይ ዓይናፋር የነበረ ልጅ በዛ ሰው ምክንያት ድምጹን አውጥቶ "ኪያፕ" ማለት ከጀመረ፣ ያን በቀላሉ ሌላ ቦታ አታገኙትም።

ከዛ ግን የወላጅ ስራችሁን ስሩ። ክላሱ ላይ ቁጭ ብላችሁ ማየት ይፈቀዳል ወይ? "ወላጅ ካለ ልጆች ይረበሻሉ" የሚለውን ለአንድ ሁለት ቀን ልቀበለው እችላለሁ፣ ሁሌ ዝግ በር ከሆነ ግን አልቀበልም። ለብቻ ስልጠና፣ ቤቱ ድረስ መጥራት፣ ለህጻን ልጅ በግል ሜሴጅ መላክ፣ እነዚህ ማስተሩ ምንም ያህል የታወቀ ቢሆን አይፈቀዱም። ስፓሪንግ ላይ ሄልሜትና የጥርስ መከላከያ አለ ወይ፣ ልጆች በኪሎና በእድሜ ነው የሚጣመሩት ወይ? ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ያን ቀን ወደ ስፓሪንግ መመለስ የለበትም፣ ቢያስመልሰው ወይ ቢዞርበት ሀኪም ነው የሚያየው። "ጀግና ነው፣ ምንም አይልም" ብሎ የሚመልሰው አሰልጣኝ ካያችሁ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ፣ የፈለገ የምትወዱት ሰው ይሁን።

የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ካለ ደሞ ለውጡን ከፈተናው በኋላ አድርጉት፣ ሩቅ መመላለሱና ጥናቱ አብሮ አይሄድም።

ቀድሜ የከፈልኩትስ ይመለስልኛል?

የከፈላችሁት ለክለቡ ነው፣ ለማስተሩ አይደለም፣ ስለዚህ ማስተሩን "ማካካሻ ስጠኝ" ማለት አይቻልም፣ ክለቡም ሌላ አሰልጣኝ አቅርቦ ክላሱ ከቀጠለ የመመለስ ግዴታ የለብኝም ሊል ይችላል። በጨዋነት ጠይቁ፣ ካልሆነ የከፈላችሁበት ጊዜ እስኪያልቅ እዛው ስሩ፣ አዲሱን አሰልጣኝ ለማየትም ጥሩ ነው። የፈተና ክፍያ ከፍላችሁ ፈተናው ካልተደረገ ግን ያ የእናንተ ብር ነው፣ ጠይቁ።

አሜሪካ ያላችሁ፣ ሲልቨር ስፕሪንግም አሌክሳንድሪያም፣ ለየት ይላል፣ እዛ ኮንትራት ፈርማችኋል፣ ክፍያው በየወሩ ከባንክ በራሱ ይቆረጣል። መሄድ ስላቆማችሁ አይቆምም። ኮንትራቱን አውጥታችሁ የማቋረጫውን አንቀጽ አንብቡ፣ በጽሁፍ ስንት ቀን ቀድማችሁ ማሳወቅ እንዳለባችሁ ይላል፣ በኢሜይል አሳውቁ፣ ኮፒ ያዙ፣ ከዛ ነው አዲሱ ቦታ የምትፈርሙት፣ አለበለዚያ ለአንድ ልጅ ሁለት ቦታ ትከፍላላችሁ። አሰልጣኙ ከድሮ ቀጣሪው ጋር "ተማሪ አልወስድም" የሚል ፈርሞ ከሆነ ያ የሱና የቀጣሪው ጉዳይ ነው፣ እናንተ ያልፈረማችሁት ነገር አያስራችሁም፣ የፈለጋችሁበት መሄድ ትችላላችሁ። እሱ ግን ለዛ ሲል ዝም ሊላችሁ፣ ቴክስት ላይመልስ ይችላል፣ እንደ ንቀት አትዩት።

ብቀርስ? ክለቡ ያለሱ ይሆናል?

ሊሆን ይችላል። ማስተር ሲለቅ ቦታውን የሚይዘው ብዙ ጊዜ ለአመታት ከስር ሆኖ ያገዘ ሲኒየር ነው፣ እድል ስላላገኘ እንጂ ማስተማር የሚችል። ሁለት ወር ስጡት። የመጀመሪያ ሳምንታት ክላሱ ባዶ ይሆናል፣ ሰላሳ የነበረው ስምንት ይሆናል፣ ድምጹ ራሱ ይከብዳል፣ ግን ስምንት ሰው ያለበት ክላስ ላይ የሚታረመው እያንዳንዱ ምት ነው። ከዛ ከሁለት ወር በኋላም ማንም የሚያርማችሁ ከሌለ፣ አሰልጣኝ በየሳምንቱ ከተቀያየረ፣ ያኔ ውጡ።

ሁለቱም ጋር መስራት ይቻላል?

ለአጭር ጊዜ ለመወሰን ያህል አዎ፣ ሁለቱም እያወቁ ከሆነ። ተደብቆ ግን አይሆንም፣ ፎቶ ይለቀቃል፣ ይታወቃል። ውድድር ላይ ደሞ በአንድ ክለብ ነው የምትቆሙት።

ለመሄድ ወስኛለሁ። ለድሮው ክለብ እንዴት ልንገራቸው?

በአካል ሄዳችሁ ንገሩ፣ ካልተቻለ ደውሉ፣ ግሩፕ ላይ አትጻፉ። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፣ "ጋሼ፣ እስካሁን ስላደረጋችሁልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ፣ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሌላ ቦታ ልሰራ ነው፣ ደብዳቤዬን ብትጽፉልኝ" ይበቃል። ለምን ብለው ቢጠይቁ የራሳችሁን ምክንያት ተናገሩ፣ ሰፈር ከሆነ ሰፈር፣ አሰልጣኙ ከሆነ አሰልጣኙ። ሌላ ተማሪ አታሰባስቡ፣ "እኛ ሁላችን ልንወጣ ነው" አትበሉ፣ እያንዳንዱ ለራሱ ይወስን። የቀሩትን ጓደኞቻችሁንም አትራቁ፣ ውድድር ላይ ተቃራኒ ጥግ ቆማችሁ ስትገናኙ ሰላም መባባል እንድትችሉ።

ቤታችሁ የክለቡ ሆጉ፣ ሄልሜት ወይ ፓድ ካለ አጥባችሁ መልሱ፣ ሎከር ቁልፍም ካለ እንደዛው፣ ደብዳቤውን የምትቀበሉት ያኔውኑ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ሁለተኛ ጊዜ ስትመጡ ማህተም የያዘው ሰው ላይኖር ይችላል።